የደረት መድኃኒታችን በትንፋሽ ይለካ

ሳል ሲጠና በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤት መጀመሪያ የሚፈተሸው ጓዳው ነው። ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በማር ይለወሳል፣ ዝንጅብል ይፈላል፣ ፌጦ በሎሚ ይበጠበጣል፣ ከደጋ የመጣ ቶሲኝ እንደ ሻይ ይጠጣል፤ ደረቱ የታፈነ ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ይታጠናል። ጉንፋንንና የጥቂት ቀናት ሳልን በተመለከተ በዚህ ልማድ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ማር ሳልን እንደሚያስታግስ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ ቦቱሊዝም ለሚባለው ከባድ መመረዝ ስለሚያጋልጥ አይሰጥም። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ አስም፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ፣ የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄደው ሲኦፒዲ፣ ቲቢው ከዳነ በኋላም ጠባሳው የማይለቀው ሳንባ። ለእነዚህ ዓመታት ለሚቆዩ ሕመሞች ያው የጓዳ ቅጠል፣ አንዳንዴም በጠርሙስ ታሽጎ ምን እንደገባበት የማይታወቅ ቅመማ፣ «ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል» እየተባለ በገበያም በቴሌግራምም ይሸጣል። የባህል መድኃኒቱን የሚንቁትም ሆኑ ያለ ጥያቄ የሚያምኑት አንድ ሥራ ይዘላሉ፤ እሱም የታማሚውን ትንፋሽ መለካት ነው። ቅጠሉ ተለክቶ ጥቅሙ እስኪታወቅ ድረስ ቦታው ከሐኪሙ መድኃኒት ጎን ነው፤ በምትኩ መግባት የለበትም።

የዳኑ ሰዎች እየመሰከሩ መለካት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ለወለቀ እጅ ወይም ለቁስል ምስክርነት ብዙ ያስረዳል፤ እጁ ሲገባ፣ ቁስሉ ሲደርቅ በዓይን ይታያል። የአስም ጠባይ ግን ሌላ ነው። አስም በያዘው ሰው ደረት ውስጥ የአየር ቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻም ይኮማተራል። ይህ ሁሉ እንደ ሰዓቱ፣ እንደ ወቅቱ፣ እንደ አቧራውና እንደ ብርዱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሌሊትና ማለዳ ይከፋል፣ ረፋድ ላይ ይለቃል፤ በአንዱ ወር ያስጨንቃል፣ በሌላው ወር ጭራሽ ይረሳል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው በባሰበት ቀን ነው፤ ከባሰበት ቀን ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ቀን ነው። በመካከሉ የተወሰደ ነገር ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን ሽሮፕ፣ ምስጋናውን ይወስዳል። በሕፃናት ላይ ነገሩ የበለጠ ያሳስታል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ደረታቸው ሲር ሲር ከሚል ልጆች ብዙዎቹ ለትምህርት ቤት ሲደርሱ ምንም ሳይደረግላቸው ይተዋቸዋል። በሦስት ዓመቱ ቅጠል የተጠጣለት ልጅ በሰባት ዓመቱ ሲሮጥ ያየች እናት ቅጠሉ አዳነው ብትል ማን ይፈርድባታል? ሲኦፒዲም ቢሆን ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ይነሣና መለስ ይላል፤ ያን ጊዜ የተሰጠው ሁሉ የሠራ ይመስላል።

ይህን ስል አባቶች አላወቁም ማለቴ አይደለም። ያው ሕግ በሐኪሞችም ላይ ይሠራል፤ እንዲያውም ሕጉ የወጣው በእነሱ ስሕተት ነው። የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት የበሽተኛ ደም እያፈሰሱ አዳንን ሲሉ በሙሉ ቅንነት ነበር፤ የተማሩ፣ የተከበሩ፣ ለታማሚያቸው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ደም ማፍሰስ እንደማይጠቅም የታወቀው ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን አድርጎ ለሌላው ሳያደርጉ ውጤቱን መቁጠር ሲጀመር ነው። ዛሬ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው የአስም መድኃኒትም ያለፈው በዚሁ በር ነው። የእኛን ዕፅ በዚያው በር እንዲያልፍ መጠየቅ ውርደት አይሆንበትም፤ እንደ መድኃኒት ቆጥረነዋል ማለት ነው።

ለደረት ሕመም ደግሞ መለኪያው ሩቅ አይደለም። ፒክ ፍሎው ሜትር የሚባለው መሣሪያ ከመዳፍ ትንሽ የሚረዝም የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በጎኑ ቁጥር ተጽፎበታል፣ በቁጥሮቹ መካከል የምትንሸራተት ትንሽ ጠቋሚ አለችው። ታማሚው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ደረቱ እስኪሞላ አየር ይስባል፣ ከንፈሩን በቱቦው አፍ ዙሪያ ይገጥምና በአንድ ጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ እፍ ይላል። ጠቋሚዋ ተገፍታ የምትቆምበት ቁጥር ትንፋሹ በደቂቃ በስንት ሊትር ፍጥነት እንደወጣ ይናገራል። ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ ከሦስቱ የሚበልጠው ይመዘገባል፤ ጠዋትና ማታ እንዲህ እየተደረገ ደብተር ላይ ሲሰፍር በሁለት ሳምንት ውስጥ የሕመሙ መውጣትና መውረድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መብራት አይፈልግ፣ ላቦራቶሪ አይፈልግ። ሆስፒታል ያለው ስፓይሮሜትር ከዚህ የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል፣ ሲኦፒዲን ለመለየትም የግድ ነው፤ ለአስም ክትትል ግን ይቺ ቱቦ ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ቁጥሩ የሚያስፈልገው የታማሚው ስሜት ስለሚያታልል ነው። ለዓመታት በጠበበ ቧንቧ የተነፈሰ ሰው ጥበቱን ይለምደዋል፤ ዳገቱን ይተዋል፣ ደረጃውን እያረፈ ይወጣል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ቁጥሩ ግን ከሚገባው በግማሽ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ክፉ ሌሊት ለሞት የሚዳረግ ነው።

በዚህ መንገድ የተለኩ ዕፅዋት አሉ፤ ውጤታቸውም ለባህል መድኃኒት ወዳጅ የሚያሳፍር አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ የሚመጣው በአብዛኛው ሲኒኦል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ጀርመኖች ይህን ንጥረ ነገር አውጥተው በእንክብል አደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ኮርቲዞን የተባለውን እብጠት አብራጅ መድኃኒት በአፍ እየወሰዱ የሚኖሩ 32 የአስም ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ሰጡ። ሲኒኦል የወሰዱት ኮርቲዞናቸውን ከሌሎቹ ይበልጥ መቀነስ ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ 242 የሲኦፒዲ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ፤ 200 ሚሊግራም ሲኒኦል በቀን ሦስት ጊዜ ለስድስት ወር ክረምቱን ይዞ የተሰጣቸው ሰዎች ሕመሙ የተነሣባቸው በቁጥርም በክብደትም ባነሰ ሁኔታ ነበር። ሁለቱም ጥናቶች አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ታማሚዎቹ መደበኛ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ሲኒኦሉ የተጨመረው በላዩ ላይ ነው። ጥቁር አዝሙድም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የሳዑዲ ጥናት 80 የአስም ታማሚዎች ተሳትፈው ግማሾቹ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በእንክብል ለአራት ሳምንት ወሰዱ። የአስማቸውን ሁኔታ በሚጠይቀው መጠይቅ የተሻለ ነጥብ አገኙ፤ በመሣሪያ የተለካው ትንፋሻቸው ግን ከሌሎቹ ጎልቶ አልተለየም። እኔ ይህን ውጤት የማነበው ተስፋ ያለው ግን ያላለቀ ጅምር አድርጌ ነው። ስሜቱ ተሻለ፣ ቧንቧው ብዙም አልሰፋ። ይህን ልዩነት ማንም መስካሪ ሊነግረን አይችልም ነበር።

ከዚህም አልፎ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የደረት መድኃኒቶች ታሪክ ራሱ የዕፅዋት ታሪክ ነው። ከእኛው ቡና እንጀምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ አስም ትልቅ መጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሃይድ ሶልተር፣ ራሱም አስም የነበረበት፣ ወፍራም ቡና በባዶ ሆድ መጠጣትን ከታወቁት ምርጥ ማስታገሻዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ነገሩ እውነት ነበረው። ካፌይን የአየር ቧንቧን በጥቂቱ ያሰፋል፤ ይህም እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስለሚቆይ ዛሬ የሳንባ ምርመራ የሚደረግለት ሰው ቀደም ብሎ ቡና እንዳይጠጣ ይነገረዋል። የካፌይን የቅርብ ዘመድ የሆነው ቴኦፊሊን እ.ኤ.አ. በ1888 ከሻይ ቅጠል ተለይቶ ወጣ፤ እስካሁንም በመድኃኒትነት ያገለግላል። ቻይናዎች ለሳልና ለትንፋሽ እጥረት ሲጠቀሙበት ከኖሩት ኤፌድራ ከሚባል ቁጥቋጦ ጃፓናዊው ናጋዮሺ ናጋይ እ.ኤ.አ. በ1885 ኤፌድሪንን ለየ፤ ኤፌድሪን ለአስም አገለገለ፣ ልብን የሚያስደልቅና ደም ግፊትን የሚያነሣ በመሆኑ ግን የተሻሉት ሲመጡ ቦታውን ለቀቀ። ግብፅ ውስጥ ለኩላሊት ጠጠር ይጠጣ ከነበረው ኬላ ከተባለ ተክል ኬሊን ወጣ፤ አስም የነበረበት ሐኪም ሮጀር አልቱንያን የኬሊንን ዘመዶች እያስቀመመ፣ በራሱ ላይ የአስም ሕመም ሆን ብሎ እየቀሰቀሰ በራሱ ትንፋሽ ሲፈትን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ክሮሞግላይኬት የተባለውን መከላከያ አገኘ።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ የአስተናግር ታሪክ ነው። አስተናግር በየመንገዱ ዳር፣ በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው፣ አበባው መለከት የሚመስል፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ ተክል ነው። የዚህ ወገን የሆነ ቅጠል ሕንድ ውስጥ ለአስም ይጨስ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ልማዱ ወደ ብሪታንያ ተሻገረና ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ «የአስም ሲጋራ» ተብሎ በአውሮፓና በአሜሪካ ፋርማሲዎች ተሸጠ። ቅጠሉ በእርግጥ ቧንቧን ያሰፋል። ነገር ግን አፍን ያደርቃል፣ የዓይን ብሌንን ያሰፋል፣ መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ሰውን ያስቀባጥራል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፣ ይገድላልም። አንዱ ቅጠል ከሌላው፣ የአንዱ መሬት ተክል ከሌላው መሬት ተክል የመርዙ መጠን ስለሚለያይ በእጅ ቆንጥሮ መመጠን አይቻልም። ኬሚስቶች በቅጠሉ ውስጥ ያለውን አትሮፒን አውቀው፣ ጥቂት ለውጠው፣ ከሳንባ ወደ ደም ብዙም የማያልፍ አደረጉት፤ ኢፕራትሮፒየም፣ በኋላም ሲኦፒዲ ያለበት ሰው በቀን አንድ ጊዜ የሚስበው ቲዮትሮፒየም የተገኘው እንዲህ ነው። የቅጠሉን ጥቅም ያወቁት የሕንድ አዋቂዎች ልክ ነበሩ። ታማሚው ሳይፈራ የሚወስደው መድኃኒት የሆነው ግን መጠኑ ሲታወቅ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ዕፃችንን ለላቦራቶሪ ስናስረክብ ሌላው የባለቤትነት መብት ያወጣበታል፤ እውቀቱ ከእኛ፣ ትርፉ ለእነሱ ይሆናል። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ የብልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች አጠገብ አይቶ አረጋገጠ፤ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በእንዶድ ላይ የፈጠራ መብት የተመዘገበው ለአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ጤፍም በኔዘርላንድስ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶት ነበር። ነገር ግን መደበቅ ጥበቃ አይሆንም። የተደበቀ እውቀት አዋቂው ሲሞት አብሮ ይቀበራል፤ ሌላ ሰው መጥቶ እኔ አገኘሁት ሲል «ይህ ቀድሞ የታወቀ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ጽሑፍ አይገኝም። ደብተራዎች በብራና የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ለክርክር የሚቀርቡት ስለተጻፉ ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከእውቀቱ የሚገኘውን ጥቅም ማኅበረሰቡ እንዲጋራ መብት ሰጥቶታል። አዋቂው ከተመራማሪው ጋር ሲቀመጥ ይህን አዋጅ የሚያስረዳው የሕግ ሰው ከጎኑ ሊኖር ይገባል፤ ያንን የማሟላት ግዴታ የመንግሥት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቀለል ያለ ነው፤ ቅጠል ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚለው። ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት እንደሚደርስ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። በእስያ ገበያዎች «ንጹሕ የዕፅዋት ውጤት» ተብለው ለአስምና ለቁርጥማት ከተሸጡት ውስጥ ዴክሳሜታዞን የመሰለ ስቴሮይድ በድብቅ የተቀላቀለባቸው በምርመራ ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ጠርሙስ በእርግጥ ይሠራል፣ በሁለት ቀን ትንፋሽ ይከፍታል፤ በወራት ውስጥ ግን አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያነሣል፣ በድንገት ሲቆም ሰውን ይጥላል። ስሙና ይዘቱ ሳይጻፍ የሚሸጥ «የአስም መድኃኒት» እጅግ ፈጥኖ ሲያሽል ከመደሰት በፊት መጠርጠር ይገባል። እንፋሎቱም ቢሆን የፈላ ውኃ በብርድ ልብስ ሥር ሲደፋ ሕፃናትን አቃጥሏል፤ አስም ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ብርቱ ሽታና የተጫጫሰ ቅጠል ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። የጠበበ ቧንቧ ጭስ አይችልም።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ሰዉ ሌላ ምን አማራጭ አለው? ቅጠሉ ደጅ ላይ አለ፣ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ ፓፉ፣ ግን የለም፤ ካለም ውድ ነው። ይህ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሰባ ዓመት በታች ሳሉ በሲኦፒዲ ከሚሞቱት ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. አስም ከገደላቸው 455,000 ሰዎችም አብዛኞቹ እንዲሁ። በአፍ የሚሳቡት መድኃኒቶች በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ ከገቡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ዝርዝሩ ላይ መኖር ግን ወረዳው ጤና ጣቢያ ከመድረስ ጋር አንድ አይደለም። ቅጠል የሚጠጣውን ገበሬ የሚወቅስ ሰው መጀመሪያ ይህን ማየት አለበት። ሆኖም ከዚህ ችግር የሚወጣው መደምደሚያ ቅጠሉ ይበቃል የሚል ሊሆን አይገባም። መከላከያው ፓፍ በጤና ጣቢያ እንዲገኝ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም እንዲሸፈን መጠየቅ ነው ያለብን። ድሃው በቅጠል ይድናል ብለን ስንጽፍ ለሀብታሙ ያልፈቀድነውን ለድሃው እየፈቀድን ነው። አቅም ያለው ሰው ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው በሌሊት ሆስፒታል ይከንፋል፤ ቶሲኝ የሚያፈላው ሲመለስ ነው።

ፓፉን በተመለከተ በየሰፈሩ የሚነገረው «ሱስ ያስይዛል፣ አንዴ ከጀመርክ አትተወውም» የሚለው ወሬ ከቅጠሉ የበለጠ ሰው ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። ፓፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳልቡታሞል ነው፤ ቧንቧውን ለጥቂት ሰዓታት ከፍቶ ያስተነፍሳል፣ እብጠቱን ግን አይነካውም። ሁለተኛው መከላከያው ነው፣ እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡደሶናይድ ያለው፤ በየቀኑ ሲሳብ እብጠቱን ያበርዳል፣ ሕመሙ እንዳይነሣ ያደርጋል። አብዛኛው ታማሚ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ ሕመሙ እየተመለሰ ደጋግሞ ይስባል፤ ጎረቤት ይህን አይቶ ሱስ ይለዋል። ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂ ታማሚ በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከም ይመክራል። እንግዲህ ሰዉ ከፓፍ ሸሽቶ ወደ ቅጠል የሚሄደው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሕክምና ተሰጥቶት ነው። ይህ የባህል መድኃኒተኛው ጥፋት አይደለም፤ የጤና ሥርዓታችን ነው።

ቅጠል ብቻውን ፈጽሞ መተማመኛ የማይሆንበት አንድ ሁኔታ ግን አለ፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል። ኢትዮጵያ ቲቢ ከከበዳቸው 30 የዓለም አገሮች መካከል ናት። የቲቢ ምርመራና የስድስት ወር ሕክምና በመንግሥት ተቋም በነፃ ይሰጣል። ሳልን የሚያለሰልስ መጠጥ በሽታውን ሳይነካ ምልክቱን ይሸፍናል፤ ታማሚው ለወራት ሲዘገይ ሳንባው ይቦረቦራል፣ ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድሩት ልጆቹም ይያዛሉ። ኋላ ቲቢው ቢድን እንኳ ጠባሳ የቀረበት ሳንባ ለዕድሜ ልክ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ለዚያም ሕመም እንደገና ቅጠል ይፈለጋል። እዚህ ላይ መድኃኒተኞችን እንደ ጠላት ማየት አያዋጣም፤ መተባበር እንደሚቻል ከቅርብ ታሪካችን እናውቃለን። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ጸበል የገቡ ብዙ ሰዎች ክኒኑን አቋርጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ሲያስተምሩ ምእመኑ ከሁለት አንዱን ምረጥ ከመባል ተገላገለ። የደረት መድኃኒት አዋቂም «ሁለት ሳምንት ካለፈው መጀመሪያ አክታህን አስመርምር፣ ከዚያ ወደ እኔ ና» ቢል ከክብሩ የሚቀንስበት የለም።

ስለ ሳንባ እየተጻፈ ስለ ማጀት ዝም ከተባለ ደግሞ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤት ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን አዝላ ሰዓታት ትቆያለች። ከቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ የተነሣ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ሲጋራ አፍ ላይ አድርገው የማያውቁ እናቶች ሲኦፒዲ የሚይዛቸው በዚህ ነው። በሲኦፒዲ የጠፋ የሳንባ ክፍል በማንም መድኃኒት፣ በሐኪሙም በቅጠሉም፣ አይመለስም፤ «ሙሉ በሙሉ ይድናል» የሚል ሻጭ ካለ የሚናገረው ሐሰት ነው። የቀረውን ማዳን ግን ይቻላል። ጭስ ማውጫ፣ የተሻሻለ ምድጃ፣ መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምንም ካልተቻለ ማጀቱን ከመኝታው መለየት ማንኛውም ቅጠል የማይሰጠውን ጥቅም ይሰጣል። የባህል መድኃኒት አዋቂ በመንደሩ ይሰማል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደጋግማ ነግራ ያልተሰማውን እሱ አንዴ ቢናገረው የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው።

ሐኪሙም የሚለውጠው ልማድ አለው። ታማሚው ቤቱ ምን እንደሚጠጣ ሲጠየቅ የሚደብቀው ቁጣ ስለሚፈራ ነው። «ቅጠል ትጠጣለህ?» የሚለው ጥያቄ ያለ ግልምጫ ከተጠየቀ፣ መልሱም ካርዱ ላይ ከሰፈረ፣ የትኛው ዕፅ ከየትኛው መድኃኒት ጋር እንደማይስማማ፣ የትኛውም ምንም ጉዳት እንደሌለው ከዓመት ዓመት ይታወቃል። በውጭ ያሉ ወገኖቻችንን የሚያክሙትም ቢሆኑ ይህን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ቴል አቪቭ በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ ጥቁር አዝሙድና ፌጦ አይጠፋም።

ሥራው ከአንድ ዕፅ ይጀመር ቢባል እኔ ቶሲኝን እመርጣለሁ። በዓለም ላይ የሚበቅለው በእኛ ደጋ ብቻ ነው፤ ባሌ፣ መንዝ፣ አንኮበር። በውስጡ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል በአውሮፓው ቶሲኝ ውስጥም ያሉ ናቸው፤ የአውሮፓው አይቪ ከሚባል ሐረግ ቅጠል ጋር ተደርጎ ለአጣዳፊ ብሮንካይትስ ተፈትኖ ሳልን ሲቀንስ ታይቷል። ሰዉ እንደ ሻይ ለዘመናት ስለጠጣው ከባድ መርዝ ይሆናል ተብሎ አይፈራም። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የባህል መድኃኒት የሚያጠና ክፍል አለው። አስማቸው በስፓይሮሜትር የተረጋገጠ አዋቂዎች ይመዝገቡ፤ ሁሉም መከላከያ ፓፋቸውን በነፃ ያግኙ፣ ይህ ለጥናቱ ሲባል ብቻ ሳይሆን የሚገባቸው ስለሆነ ነው። ግማሾቹ መጠኑ የታወቀ የቶሲኝ ዝግጅት፣ ግማሾቹ በመልክም በጣዕምም የሚመስለው ባዶ ዝግጅት ይውሰዱ፤ ማን የቱን እንደያዘ ታማሚውም ሐኪሙም አይወቁ። ከመስከረም እስከ መስከረም ጠዋትና ማታ ይንፉ፣ ክረምቱም በጋውም አብሮ ይለካ። ውጤቱ ሲታወቅ ደግሞ ለመጽሔት ከመላኩ በፊት በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ቶሲኙን ለለቀሙት የመንዝና የባሌ ገበሬዎች ይነበብላቸው፤ ጠቅሞም ቢሆን፣ ሳይጠቅም ቀርቶም ቢሆን።